የጃንሆይን የወርቅ ሳንቲም የት ልሽጥ?

የጃንሆይ የወርቅ ሳንቲም ከአያት ሣጥን ሲወጣ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ለማን እንደሚሸጥ ማሰብ ይቀድማል ባይ ነኝ። ወርቅ ቤት ከገባ ግራም ብቻ ነው፤ የሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ከሄደ ግን ዓመቱም፣ መልኩም፣ ሣጥኑም ይታሰብለታል።

በ1966 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥቱ 75ኛ የልደት በዓል የወጡት አምስት ናቸው፦ ባለ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር። ክብደታቸው በቅደም ተከተል 4፣ 8፣ 20፣ 40 እና 80 ግራም ሲሆን ከመቶ 90 እጁ ወርቅ ነው። ባለ 100 ብሩ 36 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው ማለት ነው፤ የወርቅ ዋጋ በሚጠራበት በ31.1 ግራሙ ትሮይ አውንስ ሲሰላ 1.157 አውንስ ይመጣል። ይህን በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ፣ ውጤቱን ይዞ መሄድ ነው። 90 እጅ ሲባል 21.6 ካራት ነው። ወርቅ ቤት «21 ነው» ብሎ ከቆረጠው 40 ግራሙ 35 ግራም ንጹሕ ወርቅ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ግራም ቀለጠ።

እውነተኛነቱን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። 0.01 ግራም በምትለይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ታቹንም ጎኑንም ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ማጥለቅ። ለባለ 100 ብሩ ሚዛኑ 2.3 ግራም አካባቢ ማንበብ አለበት። 3.8 ካለ ወርቅ የተቀባ ብር ሊሆን ይችላል፤ ከ4 በላይ ካለ መዳብ ወይም ናስ ነው። በወርቅ የተለበጠ ቱንግስተን (እንደ ወርቅ የሚከብድ ብረት) ግን በዚህ ፈተና ሊያልፍ ስለሚችል፣ ነጋዴው ስፋቱንና ውፍረቱንም ይለካ።

ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተፋቀ ከሆነ ሰብሳቢ ስለማይሻማበት በወርቅነቱ ይሸጥ። ሳንቲም ላይ ቀለበት በይዶ አንገት ላይ ማዋል እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። በጥርስ ሳሙናም፣ በሎሚም፣ በምንም አይጠረግ፤ ገጹ ከተጫረ የሚመልሰው የለም። በወርቅነቱ ብቻ ለሚገዛ ነጋዴ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ከወርቁ ዋጋ ስንት በመቶ ትከፍላለህ?» የወርቅ ዋጋ ስለሚዋዥቅ ሦስት ነጋዴ በአንድ ቀን መጠየቅ ያዋጣል።

አምስቱም ከነሣጥናቸው ካሉ ግን አይነጣጠሉ፤ ጨረታ ቤት ይሂዱ። ከመፈረም በፊት የሻጭ ኮሚሽኑ፣ ዝቅተኛው መነሻ ዋጋና ክፍያው የሚመጣበት ጊዜ በጽሑፍ ይሁን። ጨረታ ቤቱ ከገዢውም ስለሚወስድ (20 በመቶ ገደማ የተለመደ ነው) ተጫራቹ ያንን ቀንሶ ነው የሚጠራው። ቀድሞ የኢትዮጵያ ሳንቲም የሸጠ ቤት ይመረጥ፤ ያለፉት ጨረታዎች ውጤት ስለሚታይ ማመሳከር ቀላል ነው። የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም ከሆነ ወርቅ ቤት ደጃፍ አይድረስ፤ ኤንጂሲ (NGC) ወይም ፒሲጂኤስ (PCGS) የተባለው የሳንቲም መርማሪ ድርጅት እውነተኛነቱንና ደረጃውን መርምሮ ካሸገው በኋላ ለጨረታ ይቅረብ።

አገር ቤት ያለውን ይዞ ወጥቶ ውጭ ለመሸጥ ያሰበ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ያንብብ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አሜሪካ ላለ ሰው ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ ሳንቲም ትርፍ እስከ 28 በመቶ የፌዴራል ግብር አለበት። በውርስ የመጣ ከሆነ ትርፉ የሚቆጠረው ከአውራሹ ሞት ቀን ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ግምት የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ። በአሜሪካ ፖስታ ከተላከ በሬጅስተርድ ሜይል (በአደራ ፖስታ) ነው፤ እስከ 50,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይገባለታል። ፓኬቱ ላይ «ወርቅ» የሚል ቃል አይጻፍ፤ ሳንቲሙ በሁለቱም ገጽና በጠርዙ ፎቶ ሳይነሣ፣ ክብደቱም ሳይመዘገብ ከእጅ አይውጣ።