እንጦጦ ላይ ተጀምሮ እዚያው ያለቀ ስዕል፦ 14ኛው

ሰላም ጓደኞች። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እየወጣሁ እስላለሁ። ሕጌ አንድ ነው፤ እዚያ የሳልኩትን ቤት ገብቼ አልነካውም።

ይህን ሕግ ያወጣሁት አንድ የምወደውን ስዕል ካበላሸሁ በኋላ ነው። ማታ በአምፖል ብርሃን ሰማዩን "ላስተካክል" ብዬ ቁጭ አልኩ። አምፖሉ ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊው አነሰ መሰለኝ፣ ጨመርኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ጠዋት መስኮት ጋ ሳየው ያ ሞቅ ያለ የጠዋት ሰማይ የለም፤ በጣም አዘንኩ።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ አልሆኑልኝም። ጥፋቱ ከጥላው ነበር። 1 ሰዓት ተኩል ላይ የባሕር ዛፎቹ ጥላ ቀዩ መንገድ ላይ ረዝሞ ይተኛል፣ ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እኔ ሰማዩን ቀብቼ ቅጠሉን እስካሳምር 3 ሰዓት ይሆናል፣ እኛ አገር ደግሞ ፀሐይዋ ቶሎ ነው ሽቅብ የምትወጣው፣ ጥላው አጥሮ ቦታ ቀይሮ ይጠብቀኛል። እሱን ተከትዬ ሳስተካክል ግማሹ የማለዳ፣ ግማሹ የረፋድ ስዕል ይሆናል። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሞኔ በ1890 እና 1891 (እ.ኤ.አ.) የእህል ክምሮቹን ሲስል ብርሃኑ በተቀየረ ቁጥር ሸራ ይቀይር ነበር። እኔ በአንድ ጠዋት የምስለው አንድ ሸራ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ጥላውን ብቻ በሳሳ አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) እና በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ፀሐይዋ የፈለገችበት ብትሄድ አልነካውም። ሸራዬንም ከ40 በ50 ወደ 20 በ25 ሳንቲሜትር አውርጃለሁ። ለውጡ ትልቅ ነው፣ ሞክሩት።

አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም) ትቻለሁ። እዚያ ላይ በነፋሱና በፀሐዩ ፓሌቱ (ቀለም የማዋህድበት ሰሌዳ) ላይ እንዳለ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን እርጥቡን ታክሲ ውስጥ ማስገባት አለ፤ ሁለት ሸራ ፊት ለፊት አድርጌ ማዕዘኖቹ ላይ ቡሽ እያስገባሁ አስራለሁ።

አምስተኛውን ስስል ቅጠል የተሸከሙ እናት ቆመው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይቺ መንገዳችን ናት?"

"አዎ እማማ።"

"ታዲያ ውሃዋስ?"

ሌሊት ዘንቦ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም የመኪና ጎማ በቀደደው ቦይ ውስጥ ሰማዩ ተኝቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ነጣ ያለ ግራጫ አሳረፍኩበት። እስካሁን ከሳልኩት ሁሉ የምወደው ቦታ እሱ ነው።

የቀረኝ አረንጓዴው ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሩቅ ግራጫ ይመስላል፣ የእኔ ግን አሁንም ይጮኻል። አልትራማሪን፣ ቢጫ ኦከርና ነጭ ነው የማዋህደው። እናንተ ምን ትጨምሩበታላችሁ?