ለመንገድ መኪና ሎክአፕ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ወይስ የሌለው?

ቶርክ ኮንቨርተር የአውቶማቲክ መኪናን ሞተር ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኝ ክፍል ነው፤ ሎክአፕ ደግሞ ኮንቨርተሩን እንዳይንሸራተት የሚቆልፍ ፍሪሲዮን ነው። በየቀኑ ለሚነዳ፣ ኦቨርድራይቭ (ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እንዲሄድ የሚያደርግ ማርሽ) ላለው መኪና ሎክአፕ ያለውን ይምረጡ። የሌለው ኮንቨርተር ኃይል የሚያስተላልፈው በዘይት ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ትንሽ ይንሸራተታል። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ዙር እየዞረ 5 በመቶ ቢንሸራተት 100 ዙር ባከነ ማለት ነው፤ የባከነው ኃይል ዘይቱን ያሞቃል።

ስቶሉ (መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ የሚደርስበት ከፍተኛ ዙር) ከፍ ሲል ይብሳል። ስቶሉ 3000 ሆኖ ረጅም መንገድ በ1900 ዙር የሚሄድ መኪና ሎክአፕ ከሌለው የካምቢዮ ዘይቱን ሲያቃጥል ይውላል። ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ሙቀቱን ይቀንሳል እንጂ መንሸራተቱን አያስቀርም። እንደ ቲኤች400 ያለ ባለ 3 ማርሽ ካምቢዮ ግን ከፋብሪካው ሎክአፕ ስለሌለው ስቶሉን ዝቅ አድርጎ መንዳት ይሻላል።

ሎክአፕም ጣጣ አለው። ነዳጅ በስሱ ተረግጦ ሲነዳ ጎርባጣ መንገድ ላይ ያለ ይመስል ከተርገበገበ፣ ያረጀ ዘይት ወይም ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራ ይጠርጥሩ። ሲቆም ሞተሩ ከጠፋ ሎክአፑ አልለቀቀም፤ ሶሌኖይዱን (ሎክአፑን የሚያዘውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ) እና የፍሬን ፔዳል ስዊቹን ይፈትሹ። ባለ አንድ ዲስክ ሎክአፑን ነዳጅ እስከ መጨረሻ ረግጠው አይቆልፉት፣ ሸራው ይቃጠላል። በ700አር4 (ሎክአፕ ያለው ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ) ላይ ኮንቨርተሩ በወረደ ቁጥር የግቤት ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ይቀይሩ፤ ከተቆረጠች ግፊት ያመልጥና ፍሪሲዮኑ አጥብቆ አይዝም።