ልጃችሁን ትምህርት ቤት ከቆለፉበት፣ መጀመሪያ ጻፉ

የሦስተኛ ክፍል ልጄ ረባሽ ነው። ያን ቀን ጓደኛውን ገፍትሮ ጥሎታል። ቅጣት አይገባውም አልልም። የተማሪዎችን ዲሲፕሊን የሚከታተለው ዩኒት ሊደር ግን ስቶር አስገብቶ ከውጭ ቆለፈበት። እስከ ምሳ ሰዓት። ሽንቱ ሱሪው ላይ አመለጠው። የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ እግዜር ይስጣት።

ክፍሉን አሳዩኝ አልኩ። የተሰባበረ ዴስክ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም፤ ተነቅሎ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ወዲያው በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ርዕሰ መምህሩ «እንዲረጋጋ ብቻውን አቆየነው እንጂ አልታሰረም» አሉ። መውጣት የማይችል ልጅ ታስሯል። ሌላ ስም የለውም።

አቤቱታ ጽፌ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እስካሁን የሚያበግነኝ እዚያ የሆነው ነው። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ተመቷል? ምልክት አለው?» አለኝ። የለውም አልኩ። «ታዲያ ምኑን እንያዘው? ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱት።» ምልክት ስለሌለው ምንም አልሆነም ማለት ነው? ልጄ እኮ መብራት ሳይበራ አይተኛም!

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት የሚጠብቀው ከአካል ቅጣት ብቻ አይደለም። ጭካኔ ካለበትና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣትም ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም፣ አንቀጽ 28 ላይ፣ የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የልጁን ክብር ይጠብቅ ይላል። ሁለቱንም አንቀጾች አቤቱታው ውስጥ ጨምሬ እንደገና አስገባሁ። ወረዳው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ከክፍል የወጣ ልጅ አዋቂ አጠገቡ ይቀመጣል፣ በሩ ክፍት ይሆናል፣ ወላጅ በዚያው ቀን ይደወልለታል። ዩኒት ሊደሩ ይቅርታ አልጠየቀም።

«እኛ በአለንጋ ነው ያደግነው፣ ይሄማ ምን አላት» ያሉኝ ወላጆች አሉ። አልስማማም። ዱላን ቢያንስ ክፍሉ ሙሉ ያየዋል። ከተቆለፈ በር ጀርባ ልጁ ራሱን ቢስት ማን ያውቃል?

መጀመሪያ በቃል ተነጋገሩ፣ ለወመህ (ለወላጅ መምህር ኅብረት) አሳውቁ ይሏችኋል። እኔ አትስሟቸው እላለሁ። በሁለት ቅጂ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የእናንተን ቅጂ ቁጥርና ማህተም ሳታስደርጉበት አትውጡ። ልጁን ግን ርዕሰ መምህሩ ፊት አቁማችሁ አታስተርኩት። የነገራችሁን እናንተ ጻፉለት።