ጌታ የተቆጡበት ጨዋታ

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአሰላ በቴሌግራም፣ «ቲቸር፣ ሩጫው አልሆነልኝም፤ ዱባይ መጥቼ ክሪኬት ብጀምርስ? እርስዎም እዚያ ይጫወታሉ አሉ» ስትል ጻፈችልኝ። ወሬው የተነሣው ከስታዲየም ከለጠፍሁት ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ከወገቤ በላይ ስለሆነ፣ በግራ እጄ የአሠሪዎቼን ትንሽ ልጅ፣ በቀኜ ደግሞ የውኃ ኮዳ መያዜ አልታየም።

ፎቶግራፉን የተነሣሁት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2024፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ለሴቶች የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በተገናኙበት ምሽት ነበር፤ ውድድሩ ለእያንዳንዱ ቡድን 120 ኳስ ብቻ የሚወረወርበት አጭሩ ዓይነት ነው። ባንግላዴሽ ላይ ሊካሄድ የነበረ ሲሆን፣ በዚያ በተነሣ ሁከት ምክንያት ወደ ኤምሬትስ ተዛወረ፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉትም በነፃ ይገቡ ስለነበር ማዳም ልጆቹን ለእኔ አስረከቡ።

በዚያ ምሽት ዓይኔ ያረፈው ሱዚ ቤትስ ላይ ነው። ይህች የ37 ዓመት ሴት በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ለኒውዚላንድ የተሰለፈችው በቅርጫት ኳስ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ 10,000 ሜትሩን ከ30 ደቂቃ በታች ጨርሳ በ5,000ውም ስትደግመው እኛ በጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት እልል በምንልበት ሰሞን፣ እሷ በ20 ዓመቷ እዚያው ከተማ ኳስ ታነጥር ነበር። ክሪኬቱንም ከ2006 ጀምሮ ለሀገሯ ትጫወት ስለነበር ሁለቱን ለጊዜው አጣምራ ይዛ፣ ኋላ ለክሪኬቱ አደላች። አምበሏ ሶፊ ዲቫይንም ለኒውዚላንድ የሜዳ ሆኪ ተጫውታለች፤ ሆኪ ማለት ዳኛና መስመር የተበጀለት የእኛው ገና ነው። በ2010 በባርቤዶስ ፍጻሜ ዋንጫውን በ3 ነጥብ ያጡት፣ ዲቫይን የመታችውን የመጨረሻ ኳስ ኤሊስ ፔሪ በእግሯ ስላስቀረችባቸው ነው፤ ፔሪ ደግሞ ለአውስትራሊያ እግር ኳስም የተጫወተች ናት። ከ14 ዓመት በኋላ ዱባይ ላይ በ32 ነጥብ አሸነፉ። ቤትስም በግሏ ያስቆጠረችው 32 ነበር።

ስለ እኔ «መጫወት» ደግሞ እውነቱ ይህ ነው። አሠሪዬ ሕንዳዊ መሐንዲስ ናቸው፤ «ሰር» እንላቸዋለን። እሑድ እሑድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሰው ጎደለና ማዳም፣ «የእኛዋ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ትሮጣለች» አሉ። ሰባት ዓመት ስፖርት ማስተማሬን በዚያ ቤት የጠየቀኝ የለም፤ ለዚህ ግን ዜግነቴ ብቻ በቂ የምስክር ወረቀት ሆነ። በክሪኬት ሁለት መቺዎች በሁለት ጫፍ ቆመው፣ ኳሷ ከተመታች በኋላ ቦታ እየተለዋወጡ በመሮጥ ነጥብ ይይዛሉ፤ ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱም በጥሪ ይስማማሉ። ስለ ጥሪው ማንም አልነገረኝም። ኳሷን መታሁ፣ ማዶ ደረስሁ፣ ሳልቆም ዞርሁ። ሰር በሂንዲ የጮኹትን «በርቺ» ማለታቸው ነው ብዬ ፍጥነት ጨመርሁ። እኔ ስመጣባቸው እሳቸውም መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው እኩሌታውን ሳያልፉ ኳሷ ከሩቅ ተወርውራ በሚሮጡበት ጫፍ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ጣለች፤ ሯጩ ሳይደርስ እንጨቶቹ ከወደቁ ደግሞ ይወጣል። ከጨዋታው የወጡት እሳቸው ሆኑ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ፈገግ አልሁ። እኚህ ጌታ ግን በባልደረቦቻቸው ፊት ተቆጡ። «ሩጪ አልሁሽ እንጂ አስወጪኝ አልሁሽ?» ብለው መምቻውን ከእጄ ወሰዱና የውኃ ኮዳውን አስያዙኝ። ከዚያ ወዲህ ውኃ አቀባይ ነኝ። የባልደረቦቻቸው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እርግጥ፣ ለግማሽ ቀን ቆመው ጥቂት ደቂቃ የሚሮጡ ሰዎች ስለ ሩጫ ሲያርሙኝ እኔም በሆዴ መሳቄ አልቀረም። እኛም ብንሆን የፈጠነ ሁሉ የረታ ይመስለናል።

ለተማሪዬ የመለስሁላት እንዲህ ነው። ቤትስ ከአንዱ ኳስ ወደ ሌላው ስታደላ በሁለቱም የሀገሯን ማልያ ለብሳ ነበር፤ እኔ ከመምህርነት ወደ ሞግዚትነት ስዛወር ዲግሪዬ ከሻንጣ አልወጣም። እዚህ ክሪኬት የሚጫወቱት በአብዛኛው ከልጅነታቸው መምቻ ይዘው ያደጉ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የስሪላንካ ልጆች ናቸው። ደላላው «በቪዚት ቪዛ ግቢና ክለብ ትፈልጊያለሽ» ቢልሽ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ለእያንዳንዱ ዕለት 50 ድርሃም ቅጣት እንደሚቆጠርብሽ አይነግርሽም። ፓስፖርት መያዝ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም የሚይዙ አሉና ፎቶኮፒውን እናትሽ ዘንድ ተዪ። ልምጣ ካልሽም ለቤት ሥራ እንደምትመጪ አውቀሽ፣ በሕጋዊው መንገድ ነይ፤ ውሉንም ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ውኃ በማቀብልበት መካከል፣ አነበዋለሁ።