ባይፖላርን በኢኢጂ መለየት፦ ሞዴሉ የተማረው ምን ነበር?

በኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቆዳ ላይ በመቅዳት) ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት በድብርትና በከፍተኛ መነቃቃት መካከል የሚፈራረቅበት ሕመም ያለበትን ሰው ከጤነኛ የሚለይ የኮምፒውተር ሞዴል እያሠለጠንኩ ነበር። ቀረጻው ቀላሉ ክፍል ነው። 19 ኤሌክትሮዶች በ10-20 አቀማመጥ (በተለመደው የኤሌክትሮድ አደራደር)፤ የራስ ቆዳውን በአልኮል ጠርጌ፣ ጄል ጨምሬ፣ የእያንዳንዱ ኢምፒዳንስ (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት) ከ5 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ መቅዳት አልጀምርም። በሰከንድ 256 ናሙና፣ ዓይን ተጨፍኖ 5 ደቂቃ። ሰውየው ካሸለበ አልፋው (ዓይን ሲጨፈን የሚጎላው ሞገድ) ይሳሳና ከእሱ የዘገየው ቴታ ይተካዋል፤ ያንን ክፍል ቆርጬ እጥላለሁ።

ጽዳቱን በፓይተን ሠራሁት፦ ከ1 እስከ 45 ሄርዝ ማጣራት፣ ቀጥሎ የዓይን እርግብግቢትን በአይሲኤ (የተደባለቁ ምልክቶችን ወደ ነጻ አካላት በሚነጥል ስሌት) ማውጣት። የሁሉንም ኤሌክትሮዶች አማካይ ከእያንዳንዱ መስመር ከቀነሳችሁ በኋላ ነጻ ሆነው የሚቀሩት 18 ብቻ ናቸው፤ አይሲኤውን 19 አካል ብትጠይቁት ይዘባርቃል። ጥርሱን የነከሰ ሰው ደግሞ ቲ3 እና ቲ4ን (በግራና በቀኝ ሰሌን ላይ ያሉትን ኤሌክትሮዶች) በጡንቻ ጫጫታ ይሞላቸዋል፤ ይህም ቤታ (ፈጣን የአንጎል ሞገድ) መስሎ ያታልላል።

ከዚያ ቀረጻውን በ2 ሰከንድ ቆራርጬ የዴልታ (የዝግተኛው ሞገድ)፣ የቴታ፣ የአልፋና የቤታን ኃይል በዌልች ዘዴ (በየፍጥነቱ ያለውን የሞገድ ኃይል በሚለካ ስሌት) አሰላሁ። ምንም ካልተጣለ ከአንድ ሰው 150 ቁራጭ ይወጣል።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ቁራጮቹን ደባልቄ 80 በመቶውን ለሥልጠና፣ 20 በመቶውን ለፈተና መደብኩ። ውጤቱ ከሚገባው በላይ አማረ። የአንዱ ሰው 120 ያህል ቁራጭ በሥልጠናው፣ 30 ያህሉ በፈተናው ውስጥ ስለነበሩ ሞዴሉ የየሰዉን የሞገድ መልክ አጥንቶ ስያሜውን ይመልስልኝ ነበር። ለማረጋገጥ «ታማሚ» እና «ጤነኛ» የሚሉትን ስያሜዎች በሰው በሰው በዘፈቀደ አቀያየርኳቸው። ንጹሕ ፈተና ቢሆን ኖሮ ሞዴሉ ሳንቲም ወርውሮ ከሚገምት ሰው ባልተሻለ ነበር፤ የኔው ግን በሐሰት ስያሜም ያው «ጎበዝ» ሆኖ ቀጠለ። መፍትሔው በሰው መክፈል ነው፤ የአንድ ሰው ቁራጮች በሙሉ ወይ እዚህ፣ ወይ እዚያ። ቁጥሮችን ወደ አንድ ሚዛን ማምጣቱና ባሕርያትን (ሞዴሉ የሚመለከታቸውን መለኪያዎች) መምረጡም በሥልጠናው ክፍል ላይ ብቻ ይሠራ።

ሁለተኛው ችግር መድኃኒት ነው፤ በኮድ ብቻ አይፈታም። ሊቲየም ዝግተኛ ሞገዶችን ያጎላል፣ ቤንዞዲያዜፒን ቤታን ከፍ ያደርጋል። ታማሚዎቹ መድኃኒት ላይ ሆነው ጤነኞቹ ካልሆኑ፣ የተሠራው የመድኃኒት መመርመሪያ ነው። ለሐኪሙም ቢሆን ባይፖላርን ከጤነኛ መለየት ብዙም አይጠቅመው፤ የሚቸገረው የባይፖላርን ድብርት ከተራው ድብርት ለመለየት ነው። ስለዚህ ማነጻጸሪያዬን ተመሳሳይ መድኃኒት ወደሚወስዱ የድብርት ታማሚዎች ቀየርኩ። አሁን ከእያንዳንዱ ቀረጻ ጋር የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ መጨረሻ የተወሰደበትን ሰዓትና የዕለቱን የስሜት ሁኔታ እመዘግባለሁ፤ ሁለቱንም ቡድኖች በአንድ መሣሪያ፣ ቀን እያፈራረቅኩ እቀዳለሁ።