ካዛንቺስን እያወራሁ ያላየኋት ጓደኛዬ

አራት ጓደኛሞች ነን። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ጀምሮ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ በተራ ቡና እናፈላለን። አንዷ መምህርት፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ለቅሶውም በዚያ ረከቦት ዙሪያ ተወርቷል። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሮም ስሄድ፣ ገና አውሮፕላኑ ሳይነሣ የማስበው ተመልሼ ለእነርሱ የምነግረውን ነበር።

የምነግረው ደግሞ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ሥልጠናው የተሰጠው በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሕንፃው መጀመሪያ የታቀደው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ የኖረው ከዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተመለሰ። ዛሬ በአደባባዩ ላይ በኒው ዮርኩ የመስከረም ጥቃት ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ የተተከሉ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ይታያሉ። በየቀኑ ለምሳ ስወጣ እዚያ ቆሜ ባዶውን ቦታ አያለሁ። አንድ ነገር ወደ ቤቱ ስለ ሄደ የተፈጠረ ባዶነት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ ደግሞ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ሳያውቀው የራስ አሉላን ድል ይረግጣል። ከሁሉ በላይ ግን ያስደነቁኝ ቃላቱ ነበሩ። በአንድ ጠባብ መንገድ ስሄድ ጎማ የሚጠግን ሰው በር ላይ «ጎሚስታ» የሚል ጽሑፍ አይቼ፣ መገናኛ አካባቢ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቦሎ፣ ካልሲ፣ ፎርኖ፤ የሰፈሬን ቃል በባዕድ አገር እየለቀምኩ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ።

በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ተራው የእኔ ስላልነበረ ለምኜ ወሰድኩት። ከስልኬ ስድስት መቶ አርባ ፎቶግራፍ ወደ ቴሌቪዥኑ አሳለፍኩና ቡናው ገና ሳይቆላ ጀመርኩ። ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ ከአራት አቅጣጫ አሳየኋቸው። አቦሉ ተጠጣ፤ እኔ ገና ሁለተኛው ቀን ላይ ነኝ። ቶናው ሲቀዳ ወደ ቃላቱ ደረስኩና «ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁ?» አልኩ። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም እንደነበራቸው፣ በአዲስ አበባም በዚያ ሰፈር ቤቶች እንደ ሠራ፣ «ካዛ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት እንደ ሆነ በደስታ አብራራሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጓደኛዬ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ዝም ብላ ትሰማኝ ነበር። በረካውን ሳትጠጣ «እናቴ ብቻዋን ናት» ብላ ተነሣች። በረካ ሳትጠጣ ሄዳ አታውቅም።

ስኒ ሳጥብ ነርሷ አብራኝ ወጥ ቤት ቆመች። «አንቺ፣ እርሷ እኮ ከካዛንቺስ ለቃለች» አለችኝ። በሄድኩ በሳምንቱ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ፣ እናቷ የወለዷትና ያሳደጓት ቤት አብሮ ተነሥቷል። ሁለቱ ጓደኞቻችን ዕቃ ሲጭኑ አብረዋት ነበሩ። ለእኔ ያልነገሩኝ «በሰው አገር ሆና ምን ታደርጋለች፣ ሐሳብ ይሆንባታል» ብለው ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የፈረሰ ቤቷን ስም ትርጉም እያብራራሁላት ነበር።

ለመንገደኛ ክፉ ወሬ አለመንገር የቆየ ልማዳችን ነው። መርዶ እንኳ ሲነገር ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው ተደርጎ ነው። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ርኅራኄ አለበት። ነገር ግን ልማዱ የሚሠራው መንገደኛው ተመልሶ ሲጠይቅ ነው። እኔ ከአውሮፕላን ወርጄ እስከዚያ እሑድ ድረስ ለአንዳቸውም «እናንተስ እንዴት ሰነበታችሁ?» ያልኩት ለሰላምታ ያህል ብቻ ነበር። መልሱን ለመስማት አልቆምኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱ ቤታቸው ወዳለበት ወደ ገላን ጉራ ሄድኩ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ የቀረውን በእግሬ። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት፤ ይዤ የሄድኩት አንድ ኪሎ ቡናና ዳቦ ነው። እናትየዋ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ በሰላም ገባሽ? የነጭ አገር አላከሳሽም» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ገብቼ ተቀመጥኩና «ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ንገሩኝ» አልኩ።

«አልቅሰሽ ነበር?» ብዬ አልጠየቅኋትም። «ማን ጫነላችሁ? ምጣዱ ተሰበረ ወይ? ልጁ አሁን ትምህርት ቤት የሚሄደው በምን ነው?» አልኳት። ከትንሹ ነገር ስትጀምሪ ትልቁ ራሱ ይመጣል፤ ይህን የተማርኩት እዚያ ቤት ነው። ምጣዱ አልተሰበረም። የተሰበረው የግድግዳው መስታወት ነው፤ አባቷ ለሠርጋቸው የገዙት። የቀድሞው ዕድር አባላት በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በማን እጅ ይቀመጥ የሚለው ገና አልተቆረጠም። ቤቱ ውኃና መብራት አለው፤ መጸዳጃ ቤቱም የራሳቸው ነው። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ እንደ መፍካት አለ። እናትየዋ ግን «የዑራኤል ቅዳሴ ድምፅ ከሌለ ሰዓቱን በምን ልወቀው?» አሉ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ስለ ሮም አንድም ቃል አልወጣኝም።

በረካው ሲቀዳ ጓደኛዬ ራሷ «በይ አሁን ንገሪኝ፤ ያን ዕለት አልሰማሁሽም» አለችኝ። ከስድስት መቶ አርባው ፎቶ የትኛውን እንደምነግራት አሰብኩ። ዓይኔ እናትየዋ ላይ ዐረፈ። አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው። ከሥልጠና ስወጣ አንድ ማታ ሐውልቱ ከነበረበት አደባባይ ተነሥቼ በሳን ግሪጎሪዮ መንገድ እስከ ቆስጠንጢኖስ የድል በር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. የጳጉሜን ማታ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩለት መንገድ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ የጨረሰው እዚያ በር ሥር ነው። ሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። የጣሊያን ጦር በወሰደው ሐውልት በኩል ነው ያለፈው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ያን ማታ ሰው አልነበረም። ጫማዬን አውልቄ ጥቂት እርምጃ ሄድኩ። ድንጋዩ ገና ሙቀት ነበረው።

እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔ እኮ አይቼዋለሁ» አሉ። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አበበ ከሮም ሲመለስ አባታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ አቀባበሉ ወስደዋቸዋል። ስለ ሰዉ ብዛት፣ ስለ ጠፋባቸው አንድ እግር ጫማ፣ አባታቸው ጫማው ጠፋ ብለው ስላለመቆጣታቸው ነገሩን። ጓደኛዬ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር። ሲመሽ እኔ ያወራሁት የሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ቀሪውን የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። ስለዚያ ጉዞ ካወራሁት ሁሉ የማይቆጨኝም ይኸው ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ለአምስት ቀን ወደ ናይሮቢ ስሄድ አካሄዴን ለወጥኩ። ከመሄዴ በፊት ሦስቱንም «ደግም ሆነ ክፉ፣ በዕለቱ ንገሩኝ፤ ልማዱን ለእኔ ተዉልኝ» አልኳቸው። ማታ ማታ ለእያንዳንዳቸው አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ይህ ለመምህርቷ፣ ይህ ለነርሷ እያልኩ። ያየሁት ነገር ለማን እንደሚሆን ካላወቅሁ አልጻፍኩትም። ለመምህርቷ የጻፍኩት፣ ተማሪዎች በጠዋት አውቶቡስ ውስጥ እርስ በርስ ሲጠያየቁ የሰማሁትን ነው። ፎቶ ቤት ሄጄ አምስት ብቻ አሳተምኩ። በእጅ የተያዘ ፎቶ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ የያዘው ሰው ይጠይቃል፤ በቴሌቪዥን ላይ ያለው ግን የሚያሳልፈውን ሰው ብቻ ያናግራል። ስመለስም ቡናውን እኔ ጋ አላደረግኩም። ባለ ተራዋ ቤት ሄጄ፣ ለየብቻቸው አስቀድሜ ደውዬ፣ የነርሷ ልጅ መታመሙንና መዳኑን አውቄ ገባሁ።

ከሮም ፎቶዎች አንዱን፣ የሳን ግሪጎሪዮን መንገድ፣ አሳትሜ ለእናትየዋ ሰጥቻቸው ነበር። የተሰበረው መስታወት ለታቀደበት ሚስማር ሆነ። ባለፈው ወር ስሄድ ከታችኛው ፎቅ የመጣች አዲስ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ተቀምጣለች። እርሳቸው በጣታቸው ዛፎቹን እያሳዩ፣ ችቦው በየት በኩል እንደ ነበር ይነግሯታል።