ጥላ የማይንቀሳቀስበት አገር

ሰው ሲጨንቀው ይጸልያል፣ ያነባል ወይ ይተኛል። እኔ ሃይማኖት እፈጥራለሁ። ለራሴ አይደለም፤ የራሴ አለኝ፣ ይበቃኛል። የምፈጥረው ምናልባት ጭራሽ ለሌሉ ፍጥረቶች ነው። እህቴ ደብተሬን አገላብጣ "ይሄን ለንስሐ አባትህ ነግረሃቸዋል?" አለችኝ። አልነገርኳቸውም።

ፕላኔቷ ግን የእውነት አለች። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ትራፒስት 1 የምትባል ትንሽ ቀይ ኮከብ ሰባት ፕላኔቶች እንዳሏት ተነገረ። ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ኮከቧ በስፋት ከጁፒተር ብዙም አትበልጥም። ሰባቱም ተጠጋግተው ነው የሚዞሯት፤ አራተኛዋ አንድ ዙር ለመጨረስ 6 ቀን ገደማ ይበቃታል። የእኔን ሕዝብ ያሰፈርኩት እዚህች አራተኛዋ ላይ ነው። አየር ይኑራት አይኑራት በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እያጠኗት ነው። የላትም ከተባለ ሕዝቤ አለቀ ማለት ነው። ወሬዋን የምከታተለው ታማሚ ዘመድ እንዳለው ሰው ነው።

ለኮከቧ እንዲህ የቀረበች ፕላኔት አንድ ፊቷን ብቻ ወደ ኮከቧ አዙራ ትኖራለች ተብሎ ይገመታል። ግማሿ ሁልጊዜ ቀን፣ ግማሿ ሁልጊዜ ሌሊት። ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም።

ሃይማኖት ስፈጥር ከአምላክ አልጀምርም። አምላክ ቶሎ ይመጣል፤ ዓይኑን፣ ዙፋኑን፣ ቁጣውን በአንድ ምሽት ትጨርሰዋለህ። የምጀምረው ከሰዓት ነው። መቼ ይጸለያል? መቼ ይጾማል? መቼ ይበላል? እዚህ ላይ ተጣብቄ ቀረሁና ሰፈራችን ያሉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ።

"መሪጌታ፣ ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ጾም ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚፈታው?"

"የት ነው እሱ ደግሞ?"

"ሌላ ፕላኔት ላይ ነው። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ፈጥረህማ አታስርባቸው" አሉ።

ከዚያ ግን ወሬው ጣማቸው። የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ሰው ቆሞ ጥላውን በእግሩ እየለካ ሰዓት ያውቅ እንደነበር፣ የእግሩ ቁጥርም ከወር ወር እንደሚለያይ አስረዱኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው የታወሰኝ፦ እዚያ አገር ጥላም አይንቀሳቀስም።

ስለዚህ ሰዓቱን ከሰማይ ፈለግኩት። ከእኔዋ ፕላኔት ይልቅ ለኮከቧ የሚቀርቡ ሦስት ፕላኔቶች አሉ። በቀን በኩል ለቆመ ሰው እነዚህ ፀሐይዋን ሲያቋርጡ ጥቁር ክብ ሆነው ይታዩታል። የቅርቧ ጎረቤት በየ12 ቀኑ ገደማ ታልፋለች፤ ስታልፍ የጥቁሩ ክብ ወርድ የፀሐይዋን ወርድ ሩብ ያህላል። ጾም የሚፈታው ያን ጊዜ ነው አልኩ። ጥቁሩ ገብቶ እስኪወጣ ማንም አይናገርም፤ ሲወጣ ድስት ይከፈታል።

የሰባቱ ዙር ደግሞ ቅኔ ነው። የመጨረሻዋ ሁለት ጊዜ ስትዞር ሌሎቹ በየተራ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ አራት ጊዜ ይዞራሉ። ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ እጁ ለብዕር ይሄዳል። ግን ስሌቱ ልክክ አይልም። የመጨረሻዋ ሁለት ዙሯን በ37 ቀን ተኩል ስትጨርስ፣ የመጀመሪያዋ 24 ዙሯን የምትዘጋው ከአንድ ቀን በላይ ቀድማ ነው። መናፍቅ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። አንዱ ወገን በዓሉን በቁጥር ያውጃል፤ ሌላው "በዓይኔ ሳላይ አልበላም" ይላል። ጨረቃ ታየች አልታየችም እየተባለ ዒድ ሲጠበቅ ላደገ ሰው ይህ ጭራሽ እንግዳ አይደለም። እኛም አገር ስለ ቀን ብዙ ተጣልተናል፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜንም እናከብራለን በማለታቸው ስንት ዘመን ሲገፉ ኖረው፣ ነገሩ የበረደው በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ነው። ማሌዥያዎች በዚህ ረገድ ብልሆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠፈርተኛቸው ሼክ ሙስዛፋር ሹኮር በረመዳን ወደ ጠፈር ጣቢያ ሲሄድ የሃይማኖት ሊቃውንቱ አስቀድመው መመሪያ ጻፉለት። ጣቢያው ምድርን በቀን 16 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ የሶላቱ ሰዓት በተነሳበት ቦታ ሰዓት ይሁን አሉ። አለቀ። የእኔ ሰዎች እንዲህ አይስማሙም፤ ከተስማሙ የምጽፈው አይኖረኝም።

ጥላውን ግን አልተውኩትም። ዛሬ ደጅህ ላይ ቆመህ የምትለካው ጥላ አያትህ የለኩት ጥላ ነው። ሰዓት አይነግርህም፤ የምትኖርበትን ቦታ ግን ይነግርሃል። ወደ ቀኑ እምብርት በሄድክ ቁጥር ያጥራል። ወደ ጨለማው ድንበር በቀረብክ ቁጥር ይረዝማል፤ ጠርዙ ላይ ያለ ሰው ጥላው የጎረቤቱን ማሳ አልፎ ይሄዳል። ይህን እንደጻፍኩ ሃይማኖቱ በራሱ መጣ። ጥላ ዕዳ ነው። ረጅም ጥላ ይዞ የተወለደ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ፀሐይ ከአናት ቀጥ ብላ የምትቆምበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ የደረሰ ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባል። እኛ ዘንድ ጥላ ቢስ መባል ስድብ ነው፤ እነሱ ዘንድ ማዕረግ ነው።

ተሳላሚው ከቤቱ ሲወጣ በጥላው ልክ ገመድ ያስቆርጣል። በየማረፊያው ቀጥ ብሎ ይቆምና ጓደኛው ይለካለታል። ከጥላው የተረፈችውን ጫፍ በጥርሱ ይቆርጥና እዚያው ያለ ድንጋይ ላይ ያስራታል። መንገዱ ግራ ቀኙ በቁርጥራጭ ገመድ የተሞላ ነው፤ የቆየው ነጥቷል፣ አዲሱ ገና ምራቁ አልደረቀም። ልጅ የያዘች እናት የሁለት ሰው ገመድ ትሸከማለች። የልጁ ሁልጊዜ አጭር ነው። ከዚህ ተነስተው ሕፃናት ለቅድስና ይቀርባሉ ብለው ያስተምራሉ። ረጃጅም ሰዎች ትምህርቱን አይወዱትም።

እዚህ ላይ ሳይንሱ ቀለደብኝ። የአየር ንብረት ሞዴሎች እንደሚያሳዩት እንዲህ ባለች ፕላኔት ላይ ውሃ ካለ፣ ፀሐይ ከአናት የምትቆምበት ቦታ በወፍራም ደመና ይሸፈናል። ሙቀቱ ውሃውን ያተናል፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመናው ሳይገፈፍ ይኖራል። እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ የተጓዘ ሰው ቅድስተ ቅዱሳኑ ሲደርስ የሚጠብቀው ጭጋግ ነው። ጥላው በእርግጥ የለም። የጠፋው ግን ቦታው ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ ስለደመነ? ልሰርዘው ነበር፤ ከጻፍኩት ሁሉ እሱ በለጠብኝና ተውኩት። ካህናቱ ጥያቄውን ያውቁታል። መልሳቸው "እዚያ ስትደርስ ትረዳለህ" ነው። የደረሰው ደግሞ ደክሞታል፤ አይከራከርም።

ይህችን ቀዳዳ ያየ አንድ ሰው ጠርዙ ላይ ድንኳን ተከለ። ድንኳን ውስጥ ጥላ የለም። "ዕድሜህን ለምን በመንገድ ትጨርሳለህ? ግባ" አለ። ገቡለት። እውነቴን ነው፣ ስጽፈው እኔም ወደድኩት፤ ንግግሩ ለስላሳ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ያበላል። አንድ ነገር ብቻ በር ላይ ይቀበላል፣ ገመዱን። "ቅዱስ መለኪያ ምን ያደርግለታል?"

ይህን ከምናቤ ብቻ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሄቨንስ ጌት የሚባል ቡድን 39 አባላት ራሳቸውን አጠፉ። ሄል ቦፕ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ኋላ የሚወስዳቸው መንኮራኩር እንደመጣ አምነው ነበር። ኮምፒውተር የሚያውቁ፣ ድረ ገጽ እየሠሩ የሚተዳደሩ ጭምት ሰዎች ናቸው። በጊዜው እንደተዘገበው ከመካከላቸው ሰዎች ጥሩ ቴሌስኮፕ ገዝተው ነበር፤ ኮከቡን አዩ፣ መንኮራኩሩን ግን አላዩትም። ቴሌስኮፑን ለባለሱቁ መለሱለት። ያን ያነበብኩ ዕለት ነው ባለድንኳኑ በር ላይ ገመድ መሰብሰብ የጀመረው። ከድንኳኑ የሚወጣ ሰው እስካሁን አልጻፍኩም። ገመድ ሰርቃ የምትወጣ አንዲት አሮጊት በሐሳቤ አለች፤ ስም አላወጣሁላትም።

አሁን ያስቸገሩኝ በሌሊቱ ወገን ያሉት ናቸው። ፀሐይ አይተው አያውቁም። በየ18 ቀኑ ገደማ አምስተኛዋ ፕላኔት የእኛን ጨረቃ አክላ፣ ሙሉ ሆና ታበራላቸዋለች፤ በቀን በኩል ያለው ሰው ይህን ፈጽሞ አያይም። ከፀሐይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም። በሕጉ መሠረት አንድ እግር ሳይራመዱ ሁሉም ቅዱሳን ናቸው ማለት ነው። ካህናቱ ይህን እንዴት እንደሚፈቱት አልወሰንኩም። ለጊዜው እዚያ ማንም አይኖርም ብለው እያስተማሩ ነው።